ከአርባ ሦስቱ አሥራ አንዱ

«እሺ ፕሮፌሰር፣ ምን ትያለሽ?» አላት ወንድሟ፣ የቀሩትን ሃያ የሸሚዝ ቁልፎች በሙሉ ወደ ጠረጴዛው መሃል እየገፋ።

ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ሁለቱ ልጆቿ ለላይኛው ክፍል ሲነታረኩ ሁለት ሳምንት ከሰማች በኋላ ዛሬ ጠዋት ፈርዳለች። «በቃ! ለእያንዳንዳችሁ ሃምሳ ሃምሳ ቁልፍ። ፖከር ተጫወቱና የሌላውን የጨረሰ ክፍሉን ይውሰድ። ከዚያ ወዲያ ድምፃችሁን እንዳልሰማ!»

ክፍሉ! መስኮት ያለው፣ በር ያለው፣ ያውም የሚዘጋ በር! ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተኛችው በጨርቅ ጥቅልና በስፌት መኪና መሃል ነው። ፀጉሯ ውስጥ ክር ያልተገኘበት ቀን የለም፤ ጓደኛዋ ስትደውልላት የምታንሾካሹከው መጋረጃ ውስጥ ተጠቅልላ ነው። ታክሲ ነጂው ወንድሟም በበኩሉ ሶፋ ላይ እግሩ ተርፎ ነው የሚያድረው፤ እሱም እውነት አለው። ዛሬ ግን እውነቱን የምትሰማበት ጆሮ የላትም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም የሚጠቀሙበት አራት ካርታ ተገልጧል፤ አምስተኛውና የመጨረሻው ገና ነው። በእጇ አስና ሰባት ይዛለች፣ ሁለቱም ቀይ ልብ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሁለት ልብ አለ። አንድ ልብ ብቻ ቢመጣ አምስት ይሞላላታል፤ አበቃ! ወንድሟን ግን ጉራው አላስቻለውም፤ ካርታዎቹን ዘርግቶ አሳያት። ጥቁር ንግሥትና ጥቁር ጃክ፤ ጠረጴዛው ላይ ካለችው ንግሥት ጋር ጥንድ ሆኖለታል።

«ሁለት ንግሥት! እያየሽ ክፈይ። ካልሆነም ተዪውና ሃያዋን ቁልፍሽን እንደ ዶሮ ልቀሚ።»

ልጅቷ ቆጠረች። መቁጠር በጣም ነው የምትወደው! ልብ አሥራ ሦስት ነው፤ አራቱ ታይተዋል፣ ዘጠኝ ቀሩ። «አዳኞቼ» ትላቸዋለች። ካልታዩት አርባ አራት ካርታዎች ዘጠኙ ያድኗታል፣ ሠላሳ አምስቱ ይገድሏታል። መሃል ላይ ሰማንያ ቁልፍ፣ የምትከፍለው ሃያ፤ አንድ ሰጥቶ አራት መቀበል ነው። ዘጠኝ በአራት ሠላሳ ስድስት። ከሠላሳ አምስት ይበልጣል! በአንዲት ቁጥር፣ ግን ይበልጣል!

እጇን ስታነሣ እናቷን አየቻት። እናትየው ጥግ ላይ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች፣ ርቀቱን በአንዲት ጠንካራ ወረቀት ትለካለች። ወረቀቷ ላይ ቀያይ ልቦች አሉ። የልብ አምስት፣ ለሁለት ተቆርጣ!

«እማ! ካርታውን ቆረጥሽው?»

«ይቺን? ትናንት መለኪያዬ ጠፍቶብኝ ነዋ። ከዚያ ሁሉ ካርታ አንዷ ብትጎድል ምናችሁ ይነካል?»

ወንድሟ ሳቁን ለቀቀው። «አንድ ካርታ! አሁን ደግሞ ሰበብ አገኘሽ።»

አንድ ካርታ! አዳኞቿ ስምንት ሆኑ። ስምንት በአራት ሠላሳ ሁለት፤ ገዳዮቿ ያው ሠላሳ አምስት። ሒሳቡ ተገለበጠ። ትተወው?

ዓይኗ በእጇ ያለው አስ ላይ ዐረፈ። እንዴ! እሱ እኮ ያለው ሁለት ንግሥት ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስት አሶችስ? አንዳቸው ቢመጡ ሁለት አስ ይኖራታል፤ ሁለት አስ ደግሞ ሁለት ንግሥትን ይበላል። ስምንትና ሦስት አሥራ አንድ! በአራት አርባ አራት፤ ገዳዮቿ ሠላሳ ሁለት ብቻ! ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል እንደምትሸነፍ ታውቃለች። ዋጋው ግን ትክክል ነው፤ ነገም ቢጠይቋት ይህንኑ ታደርጋለች። ጀርባዋ ቀጥ አለ።

«ገብቻለሁ» አለችና ሁለቱን ካርታዎቿን ገልጣ ሃያዎቹን በክንዷ ጠርጋ ገፋቻቸው። «ጋሼ ጉረኛ፣ ስላሳየኸኝ አመሰግናለሁ።»

«ምን አሳየሁሽ?»

«ልብ ባይመጣ እንኳ አንድ አስ እንደሚበቃህ።»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እናትየው መርፌዋን ቀሚሷ ደረት ላይ ሰክታ መጣችና የመጨረሻውን ካርታ ከክምሩ ላይ አነሣች።

«ላዙረው?»

«ቆይ፣ አንዴ ቆይ!» አለ ወንድሟ።

«አዙሪው እማ» አለች ልጅቷ።

የእናቷ እጅ ሲገለበጥ ልጅቷ ካርታውን አላየችም፤ ጠዋቱን ሙሉ በቁጥሯ ሲስቅባት የዋለውን የወንድሟን ከንፈር ነበር የምታየው። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይቆጥራል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር…