ለአጸደ የሚተኮስ ጠመንጃ

አቶ ገብረጊዮርጊስ የወንድማቸውን ልጅ አጸደን ለመዳር እሺ ያሉት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበር፤ ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ ጥይት ይተኮሳል። ጥሎሽ አልጠየቁም፣ ወርቅ አላሉም፣ የሙሽራውን ደሞዝም አልመረመሩም።

«አገራችን አርማጭሆ ቢሆን ተኩሱ ከወንዝ ማዶ ይጀምር ነበር» አሉ ለሽምግልና በመጡት ሰዎች ፊት። «እዚህ ወንዝ ስለሌለ ከአጥሩ በር ይጀመርልኝ።»

ነገሩ የሆነው ሲያትል ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ከሬኒየር አቬኑ ገባ ብሎ በሚገኘው ቤታቸው፣ በፈረንጆቹ 1986 ሰመር ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። መልስ የሰጠው በመኪናው ያመጣቸው ሳህሌ ነበር። ሳህሌ የሙሽራው የክፍሌ አንደኛ ሚዜ ነው። አሁን የሚሠራው ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ውስጥ ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ሳለ ሁለት ዓመት ሕግ በመማሩ፣ ሰው ሁሉ ዳኛው ይለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለማሾፍ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ከተማ ውስጥ መተኮስ በሕግ ክልክል ነው» አለ።

«ዳኛው ተናገረ!» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ። «ታዲያ ቴሌቪዥኑ ላይ ማታ ማታ የሚታኮሱት እነማን ናቸው?»

«እሱማ ፊልም ነው።»

«ስማኝ ልጄ። ድምፅ ሳይሰማ የምትወጣ ሙሽራ ተሰርቃ የሄደች ነው የምትመስለው። አባቷ የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ወገን የላትም ሲባል ቁጭ ብዬ አልሰማም።»

ሳህሌ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። በሰርግ ሲተኮስ ያየው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያን ቀንም የተኮሰው ሰው ሰክሮ ነበር። ወግ ነው ወይስ የሽማግሌው እልህ? እሱን ሲያወጣ ሲያወርድ የአቶ ገብረጊዮርጊስ ባለቤት እትዬ እናኑ እስከ መኪናው ሸኟቸውና እጁን ያዝ አደረጉት።

«ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ገዝቷል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከማን እንደገዛ አትጠይቀኝ። አልጋው ሥር ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮታል። እናንተ ካልተኮሳችሁ ራሱ ይተኩሳል። ከዚያ ወይ ሰው ይሞታል ወይ እሱ ይታሰራል። አንተ ደግሞ ዳኛ ነህ አሉ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

ሳህሌ ነገሩን ለክፍሌ ነገረው። ክፍሌ ቤተሰቡ ሁሉ ጴንጤ ነው። «እኛ ቤት በሰርግ መዝሙር ነው የሚፈነዳው» አለ። ሌላ ሐሳብ አላመጣም።

ሐሳቡ የመጣው ከዳግ ነው። ዳግ ከሳህሌ ጋር የሚሠራ ፈረንጅ ነው፤ ከሲያትል ወጣ ብሎ ዴ ሞይን ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገብቶ በቀለም ጠመንጃ ሲታኮስ ይውልና ሰኞ ክንዱ በልዞ፣ ደስ ብሎት ሥራ ይገባል። ሳህሌ ጉዳዩን ሲያወራው ዳግ ጠመንጃውን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ አሳየው። ጠመንጃው ጥቁር ነው፣ ከሽጉጥ በለጥ ይላል፣ ቃታም አፈሙዝም አለው። ጋዝ የሚገፋት የወይን ፍሬ የምታክል እንክብል ውስጧ ቀለም ነው፤ የነካችው ላይ ትፈነዳለች። ገበሬ ከብቱን፣ ደን ጠባቂ ዛፉን ከሩቅ ምልክት እንዲያደርግበት የተሠራ ነበር፤ በኋላ ነው ሰዎች እርስ በርሳቸው ምልክት መደራረግ የጀመሩት።

«ሕጉስ ምን ይላል?» አለ ሳህሌ።

«ቀለም እኮ ነው! ለቀለም ምን ሕግ አለው?»

ሳህሌ ግን በቀላሉ የሚያምን ሰው አይደለም። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና እየታየ ስለሆነ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ እንኳ መንገድ ይቀይራል። በዕረፍት ቀኑ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ የተቀመጡት መነጽራም ሴትዮ ወፍራም መጽሐፍ ገልጠው ጣታቸውን መስመር በመስመር አስኬዱ።

«መያዝ ይቻላል» አሉ። «ሸፍኖ በመኪና መውሰድ ይቻላል። ከከተማው ውጪ፣ ባለ መሬቱ በፈቀደበት፣ መጫወት ይቻላል። ከተማው ውስጥ መተኮስ ግን በባሩድም ሆነ፣ በአየርም ሆነ፣ በጋዝ፣ ክልክል ነው።»

«ቀለም ቢሆንም?»

«እንቁላልም ቢሆን። ከአፈሙዝ ከወጣ ክልክል ነው።»

ሳህሌ እያሰበ ወጣ። በሽማግሌው ባለ ሁለት አፍ ቢተኮስ እስር ቤት ነው፤ በዳግ የቀለም ጠመንጃ ቢተኮስ መቀጮ ነው። ሕግ የተማረ ሰው ከሁለት ጥፋት መርጦ አንዱን መሥራቱ ከነከነው። ግን ሌላ መንገድ አጣ። ጠመንጃውን ተውሶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቶ ገብረጊዮርጊስ ዘንድ ይዞ ሄደ።

ሽማግሌው አገላብጠው አዩት። አፈሙዙን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ባሩድ አይሸትም።»

«የዘመኑ ነው ጋሼ። በጋዝ ነው የሚሠራው።»

«እንደ ምድጃ?»

«እንደ... አዎ።»

«ምን ይጥላል?»

ሳህሌ ከመዋሸት አመለጠ። «ሲመታ ያማል» አለ። ዳግ ክንዱን አሳይቶታል።

«እንግዲህ ጠመንጃ ነው ብለህ አምጥተህልኛል» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ። «ጠመንጃ ከሆነ ሙሽራዬን ውሰዱ። ካልሆነ የራሴ አለኝ።» አንገታቸውን ዳሰስ አደረጉ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሪባን የታሰረባቸው መኪናዎች ከማውንት ቤከር ሰፈር ጥሩምባቸውን እየነፉ መጥተው አጥሩ ጥግ ተደርድረው ፓርክ አደረጉ። ክፍሌ በነጭ ሱፉ ውስጥ ያልበዋል። ሴቶቹ በሩን ዘግተው ሽቶ ካልተረጨ አናስገባም ይላሉ። አቶ ገብረጊዮርጊስ በሙሉ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ የሚያዩት ሽቶውን ሳይሆን ሳህሌን ነው።

ሳህሌ ብርድ ልብሱን ፈታ። አጥሩ ጥግ የቆመውን የፕለም ዛፍ ግንድ አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ።

ጡፍ!

ግንዱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቢጫ ቀለም ተለጠፈች። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ሰው ሁሉ ዋናውን ድምፅ ይጠብቅ ጀመር።

«ማነው ሚሪንዳ የከፈተው?» አለ ሁለተኛው ሚዜ ዘመድኩን።

ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ገብረጊዮርጊስ አልሳቁም። ዘወር ብለው ሊገቡ ሲሉ እትዬ እናኑ በሩን በጀርባቸው ዘጉ፣ ሳህሌም ዘሎ ደረጃው ላይ ወጣ። በዚህ መሐል መብራቱን የሚያሽከረክር የፖሊስ መኪና ከጎዳናው ታጥፎ መጣ። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው ከብርድ ልብስ ውስጥ መሣሪያ ሲያወጣ በመስኮት ያየ ጎረቤት ለፖሊስ ደውሎ ኖሯል።

ወጣቱ ፖሊስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወረደ። «መሬት ላይ አስቀምጠው!»

ሳህሌ ከደረጃው ጎንበስ ብሎ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አኖረና እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ሚዜዎቹ ከነሽቷቸው ሰቀሉ። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶችም ሰቀሉ። ፖሊሱ ጠመንጃውን አነሣ፣ ገለበጠ፣ ዛፉን አየ፣ ነጩን ሱፍ አየ፣ ፈገግ አለ።

«ቶይ ነው» አለ። «ሰርጋችሁን ቀጥሉ።»

ሰርገኛው እፎይ አለ። ቶይ የምትለዋን ቃል ግን አቶ ገብረጊዮርጊስ አሳምረው ያውቋታል፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር ገበያ በወጡ ቁጥር የሚጣሉባት ቃል ናት።

«መጫወቻ!» አሉ። «የወንድሜን ልጅ በመጫወቻ ሊያስወጡ!» እትዬ እናኑን ገፋ አድርገው ገቡ። የመኝታ ቤቱ በር ሲከፈት ውጪ ድረስ ተሰማ።

ሳህሌ የመኖሪያ ወረቀቱን አሰበ። ከዚያ አልጋ ሥር ያለውን ሳጥን አሰበ። ከደረጃው ወርዶ ፖሊሱ ፊት ቆመ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ተሳስተዋል» አለው በእንግሊዝኛ።

«ምኑን?»

«ጥፋት ሠርቻለሁ።»

«ሂድ እያልኩህ እኮ ነው።»

«ሂድ ሊሉኝ አይችሉም። የከተማው ሕግ መያዝን ፈቅዶ መተኮስን ከልክሏል። በጋዝም ቢሆን።»

ክፍሌ የኮቱን እጅጌ ጎተተው። «ሳህሌ፣ አብደሃል? ሰውየው ለቀቀህ እኮ!»

«ዝም በል! ለሚስትህ ነው የምከራከረው።»

«ጠጥተሃል?» አለ ፖሊሱ።

«ሚዜ ነኝ። እስካሁን ውሃ እንኳ አልሰጡኝም። እባክዎ ሕጉን በሬዲዮ ይጠይቁልኝ።»

ፖሊሱ ተንፍሶ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። ከውስጥ የሳጥን መክደኛ ሲንቋቋ ተሰማ። የሬዲዮው መልስ ዘገየ። ሳህሌ ያን ያህል ለመቀጣት ቸኩሎ አያውቅም። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከሬዲዮው ውስጥ እያነበነበች መናገር ጀመረች፤ ፖሊሱ ሲሰማ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

ሙሽራዋ አጸደ ይህን ሁሉ በመስኮት ሰምታለች። ነርስነት የምትማር፣ ከቤቱ ሁሉ እንግሊዝኛ የምትችል እሷ ናት። ከነቬሏ ወደ አጎቷ መኝታ ቤት ሮጠች።

«ጋሼ! ፖሊሱ ጠመንጃ ነው ሊል ነው!»

«ማን ነው የሚለው?»

«መንግሥት!»

አቶ ገብረጊዮርጊስ ባለ ሁለት አፉን አልጋው ላይ ትተው ባዶ እጃቸውን ወጡ። «እስቲ እኔ እየሰማሁ ይበል» አሉ።

ፖሊሱ ተሰላችቷል። «እሺ! በዚህ ከተማ ሕግ ይሄን መተኮስ ጠመንጃ እንደመተኮስ ይቆጠራል። ጥፋተኛ ነህ። እከስሃለሁ። አሁን ደስ አለህ?»

አጸደ ሳትቀንስ ሳትጨምር፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ በአማርኛ ደገመችው። ፖሊሱ እስክሪብቶውን ከኪሱ ሲመዝ እትዬ እናኑ እልል አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ፖሊሱ ደንግጦ ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ አፈገፈገ። ሳህሌ በሕይወቱ የረታው የመጀመሪያ ክስ ይህ ነበር፤ የረታውም ራሱን ነው።

አቶ ገብረጊዮርጊስ የፖሊሱን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለው ጨበጡት። ከዚያ አጸደን በክንዷ ይዘው ወደ ክፍሌ ወሰዷት።

«ውሰዳት» አሉት። «በተኩስ ነው የወጣችው። መንግሥት መስክሯል። ብታስቀይማት ደግሞ...» አንገታቸውን ዳሰስ አደረጉ፤ ክፍሌም ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ።

ሳህሌ መኪናው ላይ ተደግፎ፣ የክሱን ወረቀት ለመፈረም ይጠብቃል። የኢሚግሬሽኑ ሰዎች ቢጠይቁት ይህን ከየት ጀምሮ እንደሚያስረዳ ሲያስብ አቶ ገብረጊዮርጊስ አጠገቡ መጥተው ቆሙ።

«አያ ዳኛው» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ፌዝ አልነበረበትም። «ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ጽሑፉን ገና አልጨረሰም መሰለኝ። አሁን አንድ ብትደግም፣ በዚሁ ክስ ያልፋል ወይስ ሌላ ይጽፋል?» ጣታቸውን ወደ ዛፉ ቀሰሩ።

ሳህሌ አልተረጎመም። ፖሊሱ ግን የሽማግሌውን ጣት ተከትሎ ዛፉን አየ፣ ጠመንጃውን ቶሎ ብሎ ብብቱ ሥር ወሸቀና መጻፉን ቀጠለ።