የ«ላ» አጭር እግር

«እስቲ ድገመው» አለች እናት።

ቀጮ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ እንደገና ነካው። በነጩ ገጽ ላይ መጀመሪያ «ጥ» ብቅ አለች። ቀጥላ «ላ» ከቀኝ በኩል መጣችና አጠገቧ ቆመች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የእናት ልጅ ከመሞቷ በፊት የሠራችው እስከዚያ ድረስ ነበር።

ቀጮ የሟቿ የሥራ ሽርካ ነው። «ቀጮ» የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ነበረች፤ በር ሲያንኳኳ «ምን አስቸገረህ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ግባ» ትለው ነበር። ሁለቱ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሥዕልና የማስታወቂያ ሥራ ሊጀምሩ ነበር። የቤቱን ስም «ጥላ» ያለችው፣ የሚንቀሳቀሰውን አርማም የጀመረችው እሷ ናት። ሳትጨርሰው መኪና ገጫት።

ከጎን የተቀመጠችው የእናት ታላቅ እህት አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን አየች። ስምን መልአክ ያወጣዋል መባሉ ለካ ውሸት አይደለም አለች። ልጅቷ በገዛ እጇ «ጥላ» ብላ ጽፋ፣ ይኸው ጥላን ሄደች። ይህን ስም በር ላይ የሚሰቅል ሰው ልቡ ድንጋይ ነው ስትል አከለች። አጠገቧ ያሉት ለቀስተኞች ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጮ አቀረቀረ። የመጣውም ለዚሁ ነበር፤ እናትየው ከከፋት ስሙንም አርማውንም ሊያጠፋው።

እናት ዓይኗን ከፊደሎቹ ላይ አልነቀለችም። ፊደል መቁጠር የጀመረችው ልጇን ለቁም ነገር ካበቃች በኋላ ነው። አንድ ቀን ልጇ ሥራ ላይ እንዳለች በትከሻዋ አሻግራ አየችና፣ ጣቷን እያስከተለች «ጥ... ላ» ብላ አነበበች። በማንበቧ ደስ ሊላት ሲገባ ደነገጠች። ልጇ ቤት ለቅቃ ልትወጣ እንዳሰበች ከጠረጠረች ሰንብታ ነበር።

«ማንን ጥላ? የት ልትሄጂ ነው?» አለቻት።

የፊደሏ ቁመናም አላማራትም። «ላ» አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ልትራመድ የተነሳች ሴት ትመስላለች።

ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «የዛፍ ጥላ ነው እኮ፣ እማ። እግሯን ያነሳችው ልትሄድ አይደለም፤ ‹ጥ›ን ልታስገባት ነው።»

ያን ቀን እናት ልቧ መለስ ብሎላት፣ አንቺ ልጅ መሳቂያ አደረግሽኝ ብላ ጀርባዋን መታ አደረገቻት።

«አላለቀም» አለች እናት አሁን፣ ሁሉም እስኪሰማት።

ቀጮ ቀና አለ። መጨረሻውን ልጅቷ ለእሱም አልነገረችውም፤ ሠርቼ ላስደንቅህ ብላ ደብቃው ነበር። እናት ጎንበስ ብላ ከ«ላ» አጭር እግር ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በጣቷ ነካች። «ጥ» አነስ ብላ እዚህ ውስጥ ትገባለች፣ «ላ» ደግሞ ታስጠልላታለች አለችው። ያኔ ያየ ሁሉ የምን ጥላ እንደሆነ ያውቃል።

«እንዳታጠፋው፣ ልጄ» አለች እናት።

ቀጮ ፊቱን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ጣቶቹ የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «እንዴት ነው የምትገባው፣ እማማ? ሮጣ ነው ወይስ ቀስ ብላ?»

እናት አሰበች። ልጇ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከእናቷ ክንድ ሥር ሽጉጥ ትል ነበር። ሩጫም አይደለም፤ ቀስታም አይደለም።

«እንዲህ» አለችና ግራ ክንዷን ከጎኗ አነሳች።

ቀጮ አየ። በክንዷና በጎኗ መካከል ሰው የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እህቷ ጠጋ ብላ ክንድሽ ይዝላል፣ በቃ አውርጂው አለቻት።

እናት አላወረደችውም።