ዳኛዋና ቀዩ ከፋይ

"ዳኛዋ" የሚሏት ሴት በሕይወቷ ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። ስሙ የወጣላት በጣቶቿ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ጥቅሉን ተሸክሞ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ምድር ቤት ወዳለው የስፌት ወርክሾፕ ሲገባ ምላሱን ብዙ አያደክምም። ጨርቁን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቶ ዝም ይላል። እሷ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና ጨርቁን በሁለት ጣቶቿ መሃል አሸት አድርጋ ትፈርዳለች። "ይሄ ሐር ነኝ ይበል እንጂ ናይለን ነው፤ ይመለስ።" ይግባኝ የለም። ነጋዴውም አንዳንዴ በልቡ እየረገማት፣ አንዳንዴም እየሳቀ ጥቅሉን ተሸክሞ ይወጣል።

ስለዚህ ጣቶቿ መደንዘዝ ሲጀምሩ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጆሮው የደነቆረ ሙዚቀኛ ማን ይቀጥራል?

መጀመሪያ ጫፍ ጫፋቸውን ውርር ይላት ጀመር። ሲቆይ ስፒሉን አንስታለሁ ብላ እጇ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። ደረጃው የረዘመባት መሰላት። ምላሷ ቀልቶ ሲያቃጥላት ሻዩን ሳላበርድ እየጠጣሁ ነው አለች። ቁልፍ አስቀምጣ ቦታው ሲጠፋባት ዕድሜ ነው አለች። ሰው ለገዛ ሕመሙ ሰበብ ሲፈልግ መቼም አይሰንፍም።

ደግሞስ ወርክሾፑ ውስጥ ያልደከማት ሴት ማን አለች? ከገባች እስክትወጣ ስለማትዘጋ "ሬዲዮ" የሚል ስም የወጣላት ሰፊ "አጥንቴን፣ አጥንቴን" ስትል ትውላለች። በካውያ የምትተኩሰው ሴት ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ነው። ቁልፍ የምትተክለው ከወንበሯ ብድግ ባለች ቁጥር ቤቱ ይዞርባታል። ሁሉም ሕመሟን እንደ ምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣለች፣ ይዛው ትመለሳለች። ሁሉም የሌላዋ ሐኪም ናት። "ብርድ ነው" ይላል አንዱ ወገን፤ "ሐሳብ ነው" ይላል ሌላው። ሐኪም ቤት የሚባለው የባልና የልጅ ቦታ ነው።

ዳኛዋ ግን ብልሃት አላጣችም። ጣቷ ሲከዳት ጉንጯ ነበረላት። ሰው ዞር ሲልላት ጎንበስ ብላ ጨርቁን ጉንጯ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትፈርዳለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ቀዩ ከፋይ እስኪመጣ ድረስ ስሟን ጠብቃ ቆየች።

አንድ ትልቅ የቴአትር አዳራሽ የመድረክ መጋረጃ አዘዘ፤ ያውም ከቀይ ከፋይ ጨርቅ። ከፋይ ፀጉር አለው። ወደ ታች ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይከረክራል። አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ከተሰፋ፣ ጨርቁ ያው ቀለሙ ያው ሆኖ ሳለ፣ መብራት ሲበራበት ጎረቤቶቹን ያኮረፈ ይመስል ጠቁሮ ይታያል። ለዚህ ነው ዳኛዋ እያንዳንዱን ቁራጭ በመቀሷ ቆርጣ፣ ዳብሳ ከጀርባው በጠመኔ ቀስት የምታሰምርበት። ሰፊዎቹ ቀስቱን ተከትለው ይሰፋሉ። የዳኛዋን ቀስት የሚመረምር አልነበረም፤ ቢመረምርም እንደ ስድብ ይቆጠርበታል።

በዚያን ቀን በጉንጯ እየለካች ደህና ስትሄድ ቆይታ፣ የመጨረሻው ቁራጭ ላይ ሬዲዮ እጅ ከፍንጅ ያዘቻት።

"አንቺ! መጋረጃ ትስሚ ጀመር እንዴ? ባልሽን ምን ነካው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋም አብራ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ጉንጯ እንደ ከፋዩ ቀልቶ፣ የቀረውን ቁራጭ በዚያ በደነዘዘ ጣቷ ዳበሰችው። ምንም አልነገራት። ወደ ታች ነው ብላ ገመተችና ቀስቷን አሰመረች። ያለ ማስረጃ ስትፈርድ የመጀመሪያዋ ነበር።

መጋረጃው አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ መብራት ሲበራ መሃሉ ላይ አንድ ጥቁር ሰንበር ከላይ እስከ ታች ተጋድሞ ታየ። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ ሜትር (ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም) አንጋጠው ሰንበሩን በዓይናቸው ለኩት። ከዚያ ዞሩ።

"ይሄን የሰፋችው ማናት?"

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለች ሬዲዮ በቀጭን ድምፅ።

"ድሮስ! አፍሽ ሲሠራ እጅሽ ምን ይሠራል? በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!"

ሬዲዮ ከተቀጠረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋች። ዳኛዋ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ የጠመኔው ቀስት ገና ድሮ ተራግፏል። ዝም ልትልም ዳድቷት ነበር። ነገር ግን ሬዲዮ ነጠላዋን ስትሰበስብ አየችና ወደ ፊት ወጣች።

"ጋሼ፣ ቀስቱን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። እሷ እኔን አምና ነው።"

"አንቺ? አንቺማ አትሳሳቺም።"

"ጣቴ አይሰማኝም፤ ከደነዘዘ ቆይቷል" አለች።

ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በእጃቸው ጠቀለሉት። "መጋረጃው ተፈቶ ይሰፋል" አሉ ለስለስ ብለው። "አንቺ ግን እስኪሻልሽ መቀሱን አስቀምጪው።"

"ባይሻለኝስ?"

ጋሽ ሜትር የጠቀለሉትን ሜትር ኪሳቸው ከተቱት።

ቤቷ ገብታ ራት ለማቅረብ ጉድ ጉድ ማለት ጀመረች። አማቷ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከወንበራቸው ብዙ አይነሱም፤ ዓይናቸው ግን ቤቱን ሲዞር ነው የሚውለው። ብርጭቆ ከእጇ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያመልጣት ከዘራቸውን አንኳኩ።

"ነገ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ጉልበትዎስ እማማ?"

"ጉልበቴን ተይው፤ ቢሄድም ባይሄድም ማመሙን አይተው።"

ሐኪሟ ፈገግታ የማያልቅባት ወጣት ነበረች። ምላሷን አየች፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፣ ጣቷን በቀጭን ነገር ጠቅ እያደረገች "ይሰማዎታል?" አለቻት። አይሰማትም። ለምርመራ ደም ከተቀዳ በኋላ "እስቲ ትናንት የተመገቡትን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ" አለች።

ዳኛዋ ይሄን ጥያቄስ አላጣሁትም ብላ ደስ አላት። "ጠዋት እንቁላል በዳቦ። ምሳ ሥጋ በካሮትና በድንች። ማታ ሾርባ። ወተትም ነበረ።"

"ታዲያ ምግብዎ በጣም ጥሩ ነው እኮ!" አለች ሐኪሟ ግራ ገብቷት።

የአማቲቱ ከዘራ ወለሉን መታ። "ልጄ፣ ይቺ የነገረችሽ ያበሰለችውን ነው። የበላችውን እኔ ልንገርሽ። እንቁላሉን ልጆቹ በሉት፣ እሷ ዳቦውን በሻይ ማገች። ሥጋውን ለባሏና ለእኔ አወጣች፣ እሷ ድስቱን በዳቦ ጠራረገች። ወተቱን ወንዱ ልጅ ጨለጠው። ሾርባው ላይ ጠግቤያለሁ አለች።"

"እማማ!"

"ምን እማማ ትይኛለሽ? የማላይሽ መሰለሽ? እኔም ዕድሜ ልኬን ሳህኔን ስደብቅ የኖርኩ ነኝ። ሌባን ሌባ ያውቀዋል።" ዓይናቸውን ወደ ከዘራቸው መልሰው "ሥጋው ሲቀርብልኝ ዝም ብዬ መብላቴ ነው የሚያናድደኝ" አሉ።

ዳኛዋ ልትዋሽ አስባ አልነበረም። ለእሷ፣ ያበሰለችው ሁሉ እንደበላችው የሚቆጠር ነበር። አሁን ሌላ ሰው ሲዘረዝረው ስትሰማ ሳቅም ዕንባም በአንድ ላይ መጣባት፤ ሁለቱንም ለቀቀቻቸው።

ሐኪሟ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም ጠየቀቻት። ዳኛዋ ልቤን ሲያቃጥለኝ እያለች ለዓመታት በራሷ ፈቃድ የምትውጠውን እንክብል ጠራች። "እሱም ተባባሪ ነው" አለች ሐኪሟ። ውጤቱ ሲመጣ ነገሩ ለየ፤ ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት ክፉኛ አንሷታል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከመሳሰሉት ነው፤ ሲያንስ ነርቭን ይጎዳል፤ የቃጠሎው እንክብልም ሰውነት ከምግቡ እንዳይወስደው ያደናቅፋል።

"ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ያሉትስ ደህና ናቸው?" አለች ዳኛዋ። ሐኪሟ ሳቀች። ዳኛዋ ግን ቀጥላ ዋናውን ጠየቀች፤ "ጣቴ ይመለስልኛል?"

"ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ቃል አልገባልዎትም። መርፌውን ዛሬውኑ እንጀምር፤ የቃጠሎውንም እንክብል ነገር እናየዋለን።"

"ስትጨርሺ" አሉ አማቲቱ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣ "የእኔንም ደም ቅጂ።"

ዳኛዋ በመቀሱ ፈንታ ትርፍ ክር እየለቀመች ከረመች። ሬዲዮም ሳትባረር ቀረች፤ ከበፊቱም ይበልጥ ተከፈተች። የዳኛዋን ታሪክ እያዞረች ለሁሉም ስላሰማች ሴቶቹ አንድ በአንድ ተመረመሩ። ቤቱ የሚዞርባት ሴት ብረት አነሳት ተባለ፤ ሬዲዮ ደግሞ ምድር ቤት ተቀብራ ፀሐይ ስለማታይ ቫይታሚን ዲ ጎደላት ተብላ ኪኒን ታዘዘላት። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን የሚበሉት ውጭ፣ ደረጃው ላይ ሆነ። "ወርክሾፕ ነው የከፈትኩት ወይስ የእንሽላሊት መሞቂያ?" ሲሉ የነበሩት ጋሽ ሜትርም ሰንብተው ወንበራቸውን ይዘው ወጡ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ እንደ ልማዷ ክር ስትለቅም ዘላ ከወንበሯ ተነሳች።

"ወጋኝ! ኧረ ጎበዝ፣ ወጋኝ! አመመኝ!"

ጨርቅ ውስጥ የተረሳ ስፒል ነበር። ጣቷ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ቁጢጥ ብላለች። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ።

"እንኳን አመመሽ!" ብላ ሬዲዮ ዘላ አቀፈቻት። ጋሽ ሜትር መቀሱን አምጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት። ዳኛዋ የተረፈውን የቀይ ከፋይ ቁራጭ ስባ ዓይኗን ጨፈነች። በሙሉ ባይሆንም መከርከሩ ከሩቅ ይሰማታል።

ያን ዕለት ለራት ለእያንዳንዱ ሰው እንቁላል ቀቀለች፣ ለራሷም ጭምር። ባሏ የእሷን ልጦ አቀበላት። እየበላች የስፒሉን ወሬ ስታወራ የሴት ልጇን እጅ አየች። ልጅቱ ወሬውን በጥሞና እየሰማች፣ ወደ ሳህኗ እንኳ ሳትመለከት፣ የራሷን እንቁላል ወደ ወንድሟ ሳህን ገፋ አደረገችው። እጇ አላመነታም፤ ብዙ ጊዜ ያደረገችው ነገር ነው። ወንድሟም ሳይገርመው አነሳው።

ዳኛዋ ቀና ስትል ዓይኗ ከአማቷ ዓይን ጋር ተጋጠመ። እሳቸውም አይተዋል። ማናቸውም ልጅቱን እንዲህ አድርጊ ብለዋት አያውቁም። ዳኛዋ እጇን ሰደደችና እንቁላሉን ከልጁ ወሰደች። ሙቀቱ መዳፏ ላይ፣ ልስላሴውም ጣቷ ጫፍ ላይ ተሰማት። የልጅቱን እጅ ዘርግታ አስቀመጠችበት።

"ብይ።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ጠግቤያለሁ።"

"አልጠገብሽም" አለች ዳኛዋ። "ተፈርዷል።"

"ይግባኝም የለም" አሉ አያትዋ ከወንበራቸው።

ልጅቱ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አየቻቸውና እንቁላሉን ገመጠች።