አብረው የሚጠፉ ስሞች

"እስቲ አሚራ፣ በዚህ ሳምንት ምን አስደሰተሽ?" አሉ አለቃዋ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ከአዲስ አበባ ሆነው በላፕቶፑ ውስጥ ፈገግ እያሉ።

አሚራ መካነ ሰላም፣ እናቷ ቤት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ምንም የለም።

"ዝናቡ አባራ" አለች። ባለፈው ሐሙስም ይህንኑ ብላ ነበር። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ አጨበጨበላት።

ድርጅታቸው ለሱቅ ደንበኞች ቅሬታ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። በኮሮና ጊዜ ሠራተኛው ወደየቤቱ ገባ፤ ኮሮናው ሄደ፣ ቢሮው ግን አልተመለሰም። ሰው በየጓዳው እንዳይደነዝዝ ተብሎ ሐሙስ ሐሙስ "መነቃቂያ" የሚባል ስብሰባ መጣ፤ ሌላውን መቀስቀስም የቡድን መሪዎች ሥራ ሆነ። ቀስቃሿ አሚራ ራሷ ከደነዘዘች ቆይታለች። አትከፋም፣ አትደሰትም፤ ቅሬታ ትመልሳለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች።

"ብርሀንነሽስ?" አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት።

ከአሚራ ቡድን የሆነችው ልጅ አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ተቋረጠ። አሚራ በስልኳ ልትመለስ ስትታገል ስብሰባው አለቀ። ወዲያው አለቃዋ ደወሉ።

"አየሻት? ተራዋ ሲደርስ ስሟ ከስክሪኑ ውልቅ! ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ልቧ ከእኛ ጋር የለም፤ ውሏን ባናድስ ይሻላል። አስተያየትሽን ዛሬውኑ ላኪልኝ።"

"እኔም እኮ ወጥቼ ነበር።"

"ያንቺማ መብራት ነው፤ እናውቃለን።"

"እሺ" አለች አሚራ። እሺ ማለት አይከብዳትም።

ብርሀንነሽ የተቀጠረችው ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ በአካል አያውቋትም። አሚራ "ተሳትፎዋ ደካማ ነው" ብላ ስልኳ ላይ ጻፈች። ከመላኳ በፊት ግን፣ ለወጉ ያህል፣ ደወለችላት።

"ምን ሆነሽ ነው የወጣሽው?"

"መብራት ሄዶብኝ ነው፣ ወላሂ! ስንቴ ልናገር? ሰበብ ነው አላችሁኝ።"

አሚራ ልትመልስ ስትል አምፖሉ ቦግ አለ።

"መጣ!" አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

አሚራ ቀና ብላ አምፖሉን አየች።

"የት ነው ያለሽው?" አለች አሚራ ቀስ ብላ።

"መካነ ሰላም።"

"መካነ ሰላም የት?"

"ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አቶ አራጌ ቤት ተከራይቼ።"

አሚራ በዚያ በር በየገበያው ቀን ታልፋለች። "ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ማን ጠየቀኝ? ምን አስደሰተሽ ትሉኛላችሁ እንጂ የት ነሽ ያለኝ የለም።"

አሚራ አፈረች። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ተሰማት፤ እሱም እፍረት ሆነ።

"ቅድም ምን ልትዪ ነበር? ምን አስደሰተሽ?"

"ምንም" አለች ብርሀንነሽ። "ዝናቡ አባራ ልል ነበር።"

አሚራ ስልኩን ስትዘጋ የጻፈችውን አጠፋች። "መብራታችን አንድ ነው፤ ውሏ ይታደስ" ብላ ላከችና ላፕቶፑን ከአልጋዋ አንስታ ወደ ሳሎን ይዛው ወጣች። እናቷ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ምስር ይለቅማሉ።

"እማ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ልሥራ? ሌላ ወንበርም እፈልጋለሁ።"

"ለማን ነው ደሞ?"

"ለሥራ ባልደረባዬ። ከነገ ጀምሮ አብረን ነን።"

እናቷ ላፕቶፑን በጥርጣሬ አዩት። "እሷም ከዚህ ውስጥ ናት?"

"የለም እማ" አለች አሚራ፣ የወንበሩን አቧራ እየጠረገች። "በእግሯ ነው የምትመጣው።"