በበሩ በኩል የተገጠመው ሞተሪኖ

በባትሪ የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከመገጠሙ በፊት የቀበሌው ወፍጮ ሞተር የሚነሣው በሁለት ሰው ነበር። አንዱ ማኖቬላ የሚሉትን ማዞሪያ ብረት ጨብጦ ቮላኖውን፣ በሞተሩ ጎን ያለውን ከባድ የብረት መንኮራኩር፣ ያሽከረክራል። ሌላው ሲሊንደሩን የምታስተነፍሰውን ትንሽ እጀታ ይዞ ይቆምና ዙሩ ሲበረታ ይለቃታል። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት። በጥር 1970 መጀመሪያ ማኖቬላው መልሶ መታና የወፍጮ ሠራተኛውን የዘነበን ቀኝ ክንድ ከሁለት ቦታ ሰበረው።

የጌጃ ሰፈር ሰው እህሉን ተሸክሞ እስከ አብነት ወፍጮ ቤት መመላለስ ጀመረ። በዐሥራ አንደኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዋቅሹማ፣ ሰንጋ ተራ ጋራዥ የሚሠራውን መካኒክ ሙለታን አስጠራው። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ ሞተሪኖ ከነባትሪው ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል።

"ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከከፍተኛው ጓዶች ይመጣሉ" አለው ዋቅሹማ። "ቁልፉን የሚጫኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሞተሪኖውን በበሩ በኩል ይግጠሙት። ገና ሲገቡ ዓይናቸው እንዲያርፍበት።"

ሙለታ ያሰበው በግድግዳው በኩል ለመግጠም ነበር። ግን "እሺ ጓድ ሊቀመንበር" አለ።

እሺ ያሰኘው ፍርሃት ነው። ባለፈው ወር የቦኖውን ቧንቧ የጠገነ ሰው፣ ቧንቧው በማግስቱ ስለፈነዳ፣ አሻጥረኛ ተብሎ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ካለው የእስረኞች ክፍል ገብቶ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሚስቱ ምሳ ይዛ ብትመጣ ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላት፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም አላት። ያ ክፍልና ወፍጮ ቤቱ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ሙለታ ብሎን ሲያጠብቅ ከማዶ የሰው ሳል ይሰማው ነበር።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ሞተሪኖው የሚነክሰውን ባለ ጥርስ ቀለበት በእሳት አግሎ ቮላኖው ላይ አስገባ። የሞተሪኖውን ማቀፊያ በበሩ በኩል በየደ። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሦስቱም ጊዜ ልክ ነበር። የሚዞርበትን ወገን ግን አላረጋገጠም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዘነበ ጋር ወፍጮ ቤቱን ከፈቱ። ውጭ ሴቶች ጤፍና ስንዴያቸውን በየከረጢቱ አስቀምጠው ተሰልፈዋል። ዘነበ በጀሶ የታሰረ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የግራ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆመ።

"ልጫነው፣ ጋሽ ሙለታ?"

"ቆይ።" ሙለታ የዘይቱን መጠን አየ። ሙሉ ነው። "እሺ፣ ተጫን።"

ሞተሪኖው ጮኸ፣ ቮላኖው ዞረ፣ በሦስተኛው ዙር ሞተሩ ተነሣ።

"አይ ይሄ ከብት" አለ ዘነበ እየሳቀ። "ለክንዴ ያልታዘዘ ለአንድ ጣቴ ታዘዘ።"

ሙለታ አልሳቀም። ጥቁር ጭስ የሚወጣው በጭስ ማውጫው ሳይሆን በአየር ማጣሪያው ነበር። የዘይቱን ግፊት የሚያሳየው መርፌ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ናፍጣውን ዘጋ። ሞተሩ ተንገዳግዶ ቆመ። ሰዓቱን ተመለከተ፤ የሠራው ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ነው።

"ምነው? ደህና ተነሥቶ የለም እንዴ?"

"ወደ ኋላ ነው የዞረው።" ሙለታ ወደ ሞተሪኖው ጠቆመ። "መኪናው ላይ ጥርሱን የሚነክሰው ከዚያኛው ወገን ነው። እኔ ለበሩ ብዬ ገልብጬ ከዚህኛው ወገን አስነከስኩት። እሱ ሲገለበጥ ዙሩም ተገለበጠ።"

"የባትሪውን ሽቦ ብናቀያይረውስ?"

ሙለታ ሽቦ ማቀያየሩ የእንዲህ ዓይነቱን ሞተሪኖ ዙር እንደማይለውጠው ከሃያ ዓመት በፊት ተምሯል። ቢሆንም ናፍጣውን እንደዘጋ አቀያየረው። ቮላኖው ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ወደ ኋላ ነው። ገመዱን እንደነበረው መልሶ አሰረው።

"ፈትቶ በወዲያኛው ለመግጠምስ?"

"ማቀፊያው እንደገና ይበየዳል። አንድ ቀን ተኩል።"

ለአራት ሰዓት ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ቀርቷል። ዘነበ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ሞተሩ ተመለሰ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ይስሙኝማ። ቺንጋውን አጣምመን እናስገባው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲዞር ወፍጮው ወደ ፊት ይዞራል። ማን ያውቃል? እኔና እርስዎ ብቻ።"

ሙለታ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚሄደውን ቺንጋ ተመለከተው። ርዝመቱ ይበቃል። አንዴ ቢጣመም ወፍጮው በትክክል ይፈጫል፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ዋቅሹማም የርክክቡን ወረቀት ይሰጠዋል። "በደህና ሁኔታ ተረክቤአለሁ" ከሚለው ሥር በግራ እጁ የሚፈርመው ዘነበ ነው።

"ወደ ኋላ ሲዞር ፓምፑ ዘይት አይስብም" አለ ሙለታ።

"ታዲያ ስንት ደቂቃ ይችላል?"

"ሰዓት አይሞላም። የዘንጉ ኩሽኔታ ይቃጠልና ሞተሩ ቀጥ ይላል።"

"እንግዶቹ እኮ ግማሽ ሰዓት አይቆዩም። እንደሄዱ እናጠፋዋለና።"

"ምን ብለን? ያን ሁሉ ሰልፍ አላየኸውም? ሊቀመንበሩ እስኪመሽ ይፈጫል ብሎ ለፍፏል።"

ዘነበ በበሩ ክፍተት ሰልፉን አየና ፊቱን መለሰ።

"ከሰዓት በኋላ እኔ ሰንጋ ተራ ነኝ" አለ ሙለታ። "ሞተሩ እጅህ ላይ ነው የሚደርቀው። አንድ እጅህ ላይ።"

ከግድግዳው ማዶ ሳሉ ተሰማ። ሁለቱም እስኪያበቃ ጠበቁ።

"ጋሽ ሙለታ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እርስዎም አራት አለዎት። እኔ ለእርስዎም ብዬ ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ" አለ ሙለታ። የባትሪውን ገመድ ፈትቶ አወጣውና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። እጁን በናፍጣ ታጠበ፤ በጨርቅ አደረቀ፤ እንደገና ታጠበ። ከዚያ ግቢውን አቋርጦ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። መንገዱ አርባ እርምጃ ያህል ነው። መሀል ላይ አንዴ ቆመ።

ዋቅሹማ ወንበር ላይ ቆሞ ከበሩ በላይ ቀይ ጨርቅ እየወጠረ ነበር። መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ሚስማር ያቀብለዋል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ወደ ኋላ ያዞረዋል። ዛሬ በማኖቬላ ካልሆነ መነሣት የለበትም።"

"ድምፁን ሰምቻለሁ እኮ። ተነሥቷል።"

"ተነሥቷል። ግን ዘይት አይደርሰውም፤ ይቃጠላል።"

"መቼ?"

"ዛሬውኑ፣ ሰዓት ሳይሞላ።"

"እንግዶቹ ግን እስከዚያ ይሄዳሉ።"

"ዘነበ አይሄድም" አለ ሙለታ።

ዋቅሹማ ከወንበሩ ወረደ። አልተቆጣም፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ትሑት ነው፤ ሙለታን ከሁሉ ያስፈራውም እሱ ነው።

"እስቲ ይንገሩኝ፣ በዚያ ጎን ይገጠም ያለው ማን ነው?"

ጠባቂው ሚስማሩን እንደያዘ ቀና አለ። ሙለታ መልሱን ያውቀዋል፤ ዋቅሹማም ያውቀዋል። ሙለታ ዓይኖቹን ከጠባቂው መሣሪያ ለማንሣት ሞከረና አልቻለም።

"የገጠምኩት እኔ ነኝ" አለ። "ዙሩን ሳላይ። ዘነበ ብሎን እንኳ አልነካም።"

ዋቅሹማ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ።

"እንግዶቹ እስኪሄዱ እዚያ ይቆያሉ" አለ። "እዚያ" ያለው የት እንደሆነ አልተናገረም፤ ጠባቂው ግን ሚስማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሙለታ ከበሩ ላይ ዞር አለ። "ማኖቬላውን የሚይዙት ጠንካራ ሰዎች ይሁኑ። አውራ ጣታቸውን እንዳይጠመጥሙበት ይንገሯቸው። ከአራቱ ጣቶች ጋር ባንድ ወገን ይሁን። መልሶ ቢመታ እጅ አይሰብርም።"

ዋቅሹማ አንገቱን ነቀነቀ፤ "እሺ" ማለቱ ይሁን "ይሂዱ" ማለቱ አይታወቅም።

ክፍሉ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ቀበቶውንና የብሎን መፍቻ ካቻቢቴውን ወሰዱበት፤ የእጅ ሰዓቱን ሳያዩት ቀሩ። የሚያስለው ሽማግሌ ፈቀቅ ብሎ በግድግዳው ሥር ቦታ ለቀቀለት።

"በምንድን ነው ያስገቡህ ልጄ?"

"በሞተር።"

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቀውም። አራት ሰዓት አለፈ። ከማዶ የሰው ድምፅ፣ ከዚያ ጭብጨባ ተሰማ። ሙለታ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ማኖቬላው ዞረና ቆመ። እንደገና ዞረና ቆመ። በአራት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ሞተሩ ተነሣና ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በትክክለኛው ወገን መዞሩን ከምቱ አወቀ።

አምስት ሰዓት ሲሆን የእንግዶቹ መኪና ወጣ። የእስረኞቹ ክፍል በር አልተከፈተም። ሙለታ በየሩብ ሰዓቱ ሰዓቱን እያየ ማዳመጡን ቀጠለ። ያን ቀን ሞተሩ አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አንድ ድረስ፣ አምስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሠራ።