ጥሩምባው እስከሚሰማበት

በቆርቆሮው አጥር ላይ በተዘረጋው ሥዕል ውስጥ ጭቃ የለም። ከስታዲየሙ ጎን እንደ ተደፋ ሳህን የተቀመጠ ነጭ አሬና አለ፤ ኮንሰርቱም፣ ኤግዚቢሽኑም፣ የቅርጫት ኳሱም እዚያ ውስጥ ይሆናል ተብሏል። ከፊቱ ፏፏቴ ይፈሳል። በፏፏቴው ዙሪያ ሰዎች ይንሸራሸራሉ፤ ጥላ አላቸው፣ ፊት ግን የላቸውም። ሸዋረገድ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ በወጣች ቁጥር ከሥዕሉ ፊት ትቆምና በሆዷ ትጣላዋለች።

ዛሬም ቆመች። ፏፏቴው የሚፈሰው የዓለሚቱ ቤት ካለበት ላይ ነው። የእድሩ ቤት መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ሠዓሊው በሰለቸው ቦታ፣ ሁለት ዛፎች ተደንቅረዋል። ከዛፎቹ ጀርባ የእሷ ቤት ነው። ቤቷ አልተሳለም፤ አይፈርስምም።

ያሸነፈችው ይህንን ነበር።

ከጀርባዋ የአይሱዙ ሞተር ተነሳ። ሰፈሩ ዛሬ ይለቃል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ የነበረው ሁሉ ከከተማው ጫፍ ላይ፣ በአንድ ሳይት፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል። ቁም ሣጥን በሰው ጀርባ ላይ ይወጣል፤ ዶሮ በካርቶን ውስጥ ይጮኻል፤ አንዱ የራሱን በር ነቅሎ በትከሻው ይዞታል፤ እዚያ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሳቅ አለ። ሸዋረገድን የቆረጣት ሳቁ ነበር። ሰው ሲፈናቀል ያለቅሳል ብላ ነበር ለሁለት ዓመት የተከራከረችው።

ሸዋረገድ ዕድሜዋን ሙሉ ታሪክ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሰፈሩ «ቲቸር» ይላታል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፍርሃት። የአሬናው ዕቅድ በወረዳው አዳራሽ የቀረበ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጇን አጣምራ ተቀመጠች፤ ጭብጨባው ሲያልቅ ተነሳች። «ሺዎች ለሁለት ሰዓት ተቀምጠው የሚዘፍኑበትን ወንበር አሳያችሁን፤ እኛ ዕድሜ ልካችንን የምንቀመጥበትን ግን አላሳያችሁንም» አለች። መድረክ ላይ የነበረው ሰውዬ «እናቴ፣ ይህ ልማት ነው» አላት። እሷም ልማት የሚለው ቃል የአፍ መዝጊያ ሆኖ ከተሾመ መቆየቱን፣ እሷ ግን አፏን የምትዘጋለት እንዳልሆነች ነገረችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ከኋላዋ የቆመ መስሏት ነበር።

ዓለሚቱ እጇን ያወጣችው ያኔ ነው። ዓለሚቱ ጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ ቤቷ ከሸዋረገድ አጥር ጋር የተያያዘ፣ በስብሰባ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

«እኔ ሽንት ቤት እፈልጋለሁ» አለች። «ለሰባት ቤት አንድ ጉድጓድ ነው ያለን። በክረምት ባትሪ ይዤ፣ ወረፋ ጠብቄ። ቲቸር ግቢዋ ውስጥ አላት። እኔ የለኝም።»

ሸዋረገድ መቀመጥ ነበረባት። አልተቀመጠችም። ክርክር ሲጀመር ከፊቷ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠፋባት ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ነበረባት። «ተመልከቱልኝ!» አለች፣ ጣቷን ቀስራ። «የወለደችበትን ሰፈር ለመጸዳጃ ሸጠችው!»

ሰው ከቅድሙ የበለጠ ሳቀ። ዓለሚቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥር ለአጥር ሆነው ሰላምታ አልተለዋወጡም።

ሰፈሩ ተስማማ። ሸዋረገድ ግን የራሷ ቤት የይዞታ ካርታ ነበራትና ቀጠለች። ከቢሮ ቢሮ ዞረች፤ ጮኸች፤ ተሰደበች፤ ተሳደበች። በመጨረሻ ዮዳሄ የሚባል የፕሮጀክቱ ወጣት መሐንዲስ በሯን አንኳኳ። የራስ ቁሩን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» አለ። «መስመሩ ተስተካክሏል። የእርስዎ ቤት ከሚፈርሰው ወጥቷል።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ እኮ ተስማምተዋል። መኪና ማቆሚያው ልክ ከአጥርዎ ሥር ያልቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘፈን ይረብሽዎት ይሆናል እንጂ ሌላ ችግር የለም።»

ልጁ ሲሄድ በሩን ከፍታ ወጣች። ድል ለሰው ካልተነገረ ድል አይሆንም። የዓለሚቱ መስኮት በርቷል፤ የሕፃን ልቅሶና የድስት ክዳን ድምፅ ይሰማል። ጥቂት ቆማ ተመለሰችና በሩን ዘጋችው።

ዛሬ ዳቦዋን ይዛ ከሥዕሉ ፊት ዞር አለች፤ እግሯ ግን ወደ ቤቷ አልወሰዳትም። ወደ እድሩ ቤት ወሰዳት።

የእድሩ ቤት ከስታዲየሙ ግንብ ሥር ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት፤ ከፊቷ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አለ። የሸዋረገድ ባል የሞተ ጊዜ ድንኳኑ እዚሁ ተተከለ፤ ከዚሁ ሰዉ ሬሳውን አጅቦ እስከ መካኒሳ አቦ በእግሩ ሄደ። ልጅ አልወለዱም። ያኔ «ቀባሪ አያሳጣሽ» ያላትን ሽማግሌ መልክ ረስታለች፤ ቃሉን ግን አልረሳችም። ጠዋት ጠዋት እሷም ትለዋለች፣ ከአባታችን ሆይ በኋላ፣ ቀስ ብላ፦ ቀባሪ አታሳጣኝ።

የእድሩ ዳኛ መኩሪያ ብረት ድስቶቹን እያስጫነ ነበር። ጡረተኛ ሾፌር ነው፣ የእሷ እኩያ፤ ከእሷ ጋር ተጣልቶ የታረቀባቸውን ጊዜያት ሁለቱም አይቆጥሯቸውም።

«ሻይ የለም» አላት ገና ሲያያት። «ምድጃው ተጭኗል።»

«ለሻይ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ። ለጠብ ነው የመጣሽው። እሱም ተጭኗል።»

አግዳሚ ወንበር የተሸከሙት ሰዎች ሳቁ። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «ድንኳኑን እንደዚህ አትጠፉት» አለች በምትኩ። «እርጥብ ነው፤ ይበሰብሳል።»

መኩሪያ ሰዎቹ ወደ መኪናው እስኪሄዱ ጠበቀ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠራረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የአንቺ ነገር አሳስቦኛል፣ ሸዋረገድ።»

«ምን የእኔ ነገር?»

«እድሩ ከሰዉ ጋር ነው የሚሄደው። ደንቡን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ያረቀቀችው እሷ ናት። ክብረት የሚባለው ነጋዴ ሲኤምሲ ቪላ ሠርቶ በሄደ ጊዜ «ከእድሩ አታስወጡኝ» ብሎ መጥቶ ነበር። ሰዉ ሊፈቅድለት ሲል ሸዋረገድ ተነሳች። ሀብታም ገንዘቡን ይልካል፣ ድሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ይህ እድር ነው ወይስ ሎሌነት? ሬሳ በስልክ አይቀበርም! ጥሩምባው የማይሰማው ሰው እድርተኛ አይደለም! ተጨበጨበላትና ደንብ ሆነ። ክብረት እዚያች በር ላይ ቆሞ «እኔ እኮ ሌላ ሰው የለኝም» ያለው ያን ጊዜ የቲያትር ቃል መስሏት ነበር።

«ደንብ ያወጣው ሰው ነው፤ የሚያነሳውም ሰው ነው» አለ መኩሪያ። «ዛሬ ሁሉም እዚህ አለ። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፊታቸው ቁሚና ‹አትተዉኝ› በይ። እኔ አብሬሽ እቆማለሁ። ዓለሚቱም ብትሆን...»

«ልለምን ነው የምትለኝ?»

«ጠይቂ ነው ያልኩሽ።»

«ዓለሚቱን?»

«ዓለሚቱን» አለ። «ምነው? ባልሽ የሞተ ጊዜ ማን ነበር እግርሽ ሥር የተኛው?»

ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሳች። ባዶ በቀረው ክፍል ውስጥ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ጥሩምባው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሃሩን በሕይወት ሳለ ጎህ ሳይቀድ በየመንገዱ ይዞት ይዞር ነበር፤ የሟቹን ስም ሳይጠራ ገና ከአነፋፉ ሰዉ ነጠላውን ይፈልጋል። ሃሩን ከሞተ ወዲህ የነፋው የለም።

«ያንን አትጭኑትም?»

«ምን ይሠራል? እዚያ ቴሌግራም ተከፍቷል። ጥሪው በሱ ነው።»

ነገሩ ምላሷ ላይ ደረሰ። በቴሌግራም ከሆነ ጥሩምባው የሚሰማበት ወሰን የት ሊሆን ነው? እኔስ ስልክ የለኝም? የምትረታበት ክርክር ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ግን ቤቷ ታወሳት፤ በክርክር የረታችው ቤት፣ ከሁለቱ ዛፎች ጀርባ፣ ሥዕሉ ውስጥ የሌለው። ክርክሩን ዋጠችው።

«እንግዲህ እግዜር ያገናኘን» አለ መኩሪያ፣ ዝምታዋን እምቢታ አድርጎ ቆጥሮት። የመጨረሻውን ወንበር ይዞ ወጣ።

ከበሩ ላይ ሆና መኪናዎቹን አየች። ዓለሚቱ ከመጨረሻው አይሱዙ ላይ ቆማ ዕቃ ትቀበላለች። ጎረምሶቹ ፍራሽ ወረወሩላት፤ ሰማያዊ መስመር ያለው አሮጌ የጥጥ ፍራሽ። ሸዋረገድ አወቀችው። ከባሏ ቀብር በኋላ ዓለሚቱ ይህንኑ ፍራሽ ተሸክማ መጣችና ከአልጋዋ ሥር ዘረጋችው። ሣልስት አለፈ፣ ሰባት አለፈ፣ ዘመድ ተበተነ፤ ዓለሚቱ እስከ አርባው አልሄደችም። አታጽናናትም፣ አታወራትም። ሌሊት ሸዋረገድ ስትነቃ ከታች «አለሁ» ትላለች፤ ተመልሳ ትተኛለች። ያቺን ሴት ነው በሰው ፊት ጣት የቀሰረችባት።

ዓለሚቱ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቅጽበት ነበር። ከዚያ ዓለሚቱ ጎንበስ ብላ ገመዱን መቋጠር ጀመረች፤ የተቋጠረውን ገመድ ደግማ ቋጠረችው።

ሄዳ ልታናግራት ይገባ ነበር። መንገዱ አጭር ነው። ሸዋረገድ አንድ እግሯን አንስታ ጭቃው ላይ አሳረፈችና ምን እንደምትል አሰበች። የመጣላት ሁሉ ንግግር ነበር፤ መግቢያ ያለው፣ ማስረጃ ያለው፣ መደምደሚያ ያለው። ይቅርታ እንኳን በአንደኛ ደረጃ፣ በሁለተኛ ደረጃ እየሆነ መጣባት። በራሷ ላይ እንዲህ የተናደደችበት ቀን ትዝ አይላትም።

የፊተኛው ሾፌር ክላክስ አደረገ። ሴቶቹ ጋቢና ለመግባት መሯሯጥ ጀመሩ።

ወደ እድሩ ቤት ተመለሰች። ዳቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጥሩምባውን ከምስማሩ ስታወርደው ካሰበችው በላይ ከበዳት፤ አፉ ላይ የሸረሪት ድር ነበረበት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ መሐል ድረስ ወጣች። መጀመሪያ ስትነፋው ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ እንደ ሽማግሌ ሳል። እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆመች፤ ሃሩን እንደዚያ ነበር የሚቆመው። ደግማ ነፋች።

ድምፁ የተሰነጠቀ ነበር፤ ነገር ግን እሱ ነበር። የስታዲየሙን ግንብ መታና ሰፈሩ ላይ ተመልሶ ወደቀ።

የመጀመሪያው ሞተር ጠፋ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። ቁም ሣጥን የተሸከመው ሰውዬ ጭቃው ላይ አወረደው። ማንም አልተጠራጠረም፤ ማንም «ዛሬማ ጉዞ ላይ ነን» አላለም። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ከመኪና ላይ ዘለው እየወረዱ፣ እየሮጡ፣ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዘቀዘቁ። በየመንገዱ «ማን ነው? ማን ነው?» እየተባባሉ መጡ፤ እየመጡም በዓይናቸው እርስ በርስ ይተያዩ፣ የጎደለውን ይፈልጉ ነበር። መኩሪያ ደረሰ፤ ወንበሩን እንደያዘ ነበር። በሩን የነቀለው ሰውዬ በሩን በትከሻው እንደያዘ መጣ።

ሁሉንም ቀድማ የደረሰችው ዓለሚቱ ነበረች። አንዱ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ጥሩምባውን አየች፤ የያዘውን እጅ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ፊቷን አየቻት። ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

«ሸዋዬ» አለች። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። እጇን ዘርግታ የሸዋረገድን ክንድ ያዘች፣ የወደቀ ሰው እንደሚያዝ። «ሸዋዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

ሸዋረገድ ጥሩምባውን ከአፏ አወረደች። ከንፈሯ ላይ የብረት ጣዕም ነበር። ሰዉ በክብ ከቧት ቆሟል፤ ሕፃናቱ እንኳን ጸጥ ብለዋል። በዕድሜዋ ብዙ ጉባኤ ላይ ተናግራለች፤ እንዲህ ዝም ብሎ የጠበቃት ሰው ግን አልነበረም።

የዓለሚቱ እጅ ክንዷ ላይ ነበር፤ አልለቀቃትም። ሸዋረገድ አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ንግግር አልነበረም፣ መኩሪያ በይ ያላት ቃል ብቻ ነበር።