የወይራው አንገት

ደርበው እንጨቱን ሊወስድ ከዳንግላ እንጅባራ የመጣ ዕለት ዋጋዬ በር ላይ ሆና ነበር የምትጠብቀው። ናፍቃው አይደለም። ማጀት ገብቶ ወደ ጣራው ቀና እንዳይል ነው። እንጨቱንም ራሷ አውርዳ፣ ከደጅ ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ጨርሳ ነው የቆየችው።

ደርበው የሟቹ ባሏ የአወቀ ታናሽ ወንድም ነው። አናጺ ነው፤ በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን ይሠራል። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታር ልሥራ ብሎ ተነሥቷል። ትዕግስት የምትባል ዳንግላ ሆቴል ውስጥ የምትጫወት ልጅ አዝዛው ነው። ልጅቱ ግራኝ ናት። ሱቅ ያለው ጊታር ሁሉ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ ገልብጣ ነው ስትጫወት የኖረች። በጥር የፈረሰኞች በዓል መድረክ ላይ ግን በራሷ ጊታር ልትወጣ ነው።

«ገላው ዋንዛ ነው፤» አላት ደርበው፣ እንጨቱን ዓይን ዓይኑን እያየ። «ዋንዛ ትከሻ ላይ አይከብድም፣ ድምፅም አያፍንም። አንገቱ ነው ያስቸገረኝ። ስድስት የብረት ክር ቀን ከሌት ሲጎትተው የማይጎብጥ እንጨት ነው የምፈልግ።»

«ጽድ አይሆንህም?»

«ይሰነጠቅብኛል።»

«ባሕር ዛፍስ?»

«ይጠማዘዛል። የቀረው ዲከረንስ ነው፤ እሱ ደግሞ ለከሰል እንጂ ለዘፈን አልተፈጠረም። እንደ ወንድሜ ወይራ ያለ የት ይገኛል፣ እታለም? እንዲህ ቀጥ ያለ፣ ስንት ዓመት ጢስ የጠጣ!»

አወቀ ያን ወይራ ከማጀቱ ጣራ ሥር አጋድሞት ነበር፤ ሰው ሞፈርና ቀንበር እንደሚያደርቀው። ታሞ አልጋ ላይ ሳለም «ያች ወይራ የደርበው ናት፤ ማንም እንዳይነካት» ብሏት ነበር።

ደርበው እንጨቱን አነሣው። «ከበደኝ እኮ!»

«ወይራ ነዋ! ቄጤማ መስሎህ ነበር?»

ሳቀ። እንጨት ሲገዛ ልማዱ ነው፤ በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ጣቱን አንሥቶ ሊያንኳኳ ሲል ተወው። «የወንድሜን እንጨት ደግሞ ልፈትን?» አለና ተሸክሞት ደጅ ወዳቆመው ባጃጅ ሄደ። ዋጋዬ እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ አየችው።

የአወቀ ወይራ የለችም። ዋጋዬ አንድዳታለች።

የአወቀ ተዝካር የዋለው በሐምሌ ነው። የእንጅባራ ሐምሌ ደግሞ የታወቀ ነው። ዝናቡ ከዋዜማው ጀምሮ አላባራ አለ። የተቆለለው ማገዶ ራሰ፣ ከሰሉም በሸራው ሥር ውሃ ገባበት። ቄሶቹ ደረሱ፣ እንግዳው ዳሱን ሞላው፣ በሬው ታርዷል፣ ጉልቻው ሥር ግን ጢስ እንጂ እሳት የለም። ጎረቤቷ እንቁ «ከእኔ ቤት ደረቅ እንጨት ላምጣልሽ» አለቻት። ዋጋዬ መች ትሰማለች! «የባሌን ተዝካር በልመና እንጨት አላበስልም» አለችና መጥረቢያውን አነሣች። ወይራዋን ስትፈልጣት እንዴት ትጮህ እንደነበር እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ። እሳቱ ግን እሳት ነበር። ወጡ ወዲያው ተንተከተከ።

ያን ጊዜ «ወይራ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሌላ እተካለታለሁ» ነው ያለችው። ከአዘና ገበያ ተካችም፤ ከተቆረጠ ወር ያልሞላው እርጥብ ወይራ። ጥቀርሻ በኑግ ዘይት ለውሳ ዙሪያውን ቀባችው። ሲጠቁር የአወቀን መሰለ።

በታኅሣሥ ስልኳ ጮኸ። «እታለም፣ አንገቱ ጎበጠ» አለ ደርበው፤ ወዲያው ኔትወርኩ ቆረጠው። ዋጋዬ መልሳ አልደወለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ሚኒባስ ያዘች፤ ዳንግላ ወርዳ ጋሪ ላይ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር፤ የደርበው ሱቅ ደጅ ስትደርስ ግን ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት።

ጊታሩ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ማማሩ! የዋንዛው ገላ ዘይት ጠጥቶ እንደ ማር ያብረቀርቃል፤ ድምፁን የሚስቡት ማግኔቶች በልኩ ገብተውበታል። አንገቱ ግን ወደ ፊት ታጥፏል። ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው ተንሳፍፈዋል፤ ጣት ቢጫናቸውም አይነኩትም።

ትዕግስት ከወንበሯ ተነሣች። «ይግቡ እማማ። ይዩልኝ፤ ጊታር ሥራልኝ ብለው ደጋን ሠራልኝ። ፍላጻው ብቻ ነው የቀረው።» ቀልዱን ስትጀምር ፈገግ ብላ ነበር፤ ስትጨርስ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ለጥር እንግዲህ ያው የፈረደበትን ገልብጬ ነው የምወጣ።»

ደርበው ልጅቱን አላያትም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላው ሠሪ አንገቱ ውስጥ ቀጭን ብረት ይቀብርበታል፤ እንዳይጎብጥ። እኔ ግን የወንድሜ ወይራ እያለ ብረት ምን ያደርግልኛል አልሁ።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ይህ እንጨት አንድ ክረምት እንኳ ጢስ አላየም፣ እታለም። መጋዝ ሳስገባበት እርጥብ እርጥብ ሸተተኝ፤ አፍንጫዬን ዋሸሁት። አወቀ ሲሞት ሰጠሁ ለማለት ያህል ያገኘውን ሰጠኝ። ያደረቀው ሌላ ነው፤ ለሌላ ሰጥቶታል። ወንድሜ ነበር ስለው!»

«ሰው አይደል፤» አለች ዋጋዬ፣ «ተሳስቶ ይሆናል።»

ይህን ብላ ወጣች። ጋሪው ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ ፈረሱም ተነሣ። ሰው አይደል አለች! የታመነውን ሰው፣ አፈር የለበሰውን፣ ለራሱ ተዝካር ንብረቱ የተማገደበትን ሰው!

«መልሰኝ» አለችው ባለጋሪውን።

«ምን ረሱ?»

«መልሰኝ አልሁህ!»

ደርበው ክሮቹን እየፈታ ነበር። ዋጋዬ አልተቀመጠችም። በአገውኛ ነው የተናገረችው፤ ከአወቀ ጋር ሲጣሉም ሲታረቁም በሱ ነበር። «አወቀ አልዋሸህም። ያንተን ወይራ እኔ ማግጄዋለሁ። ይህን ከአዘና ገዝቼ፣ ጥቀርሻ ቀብቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

ትዕግስት መሬት መሬቱን አየች። ደርበው የያዘውን ክር ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ምን አበሰልሽበት?»

«የተዝካሩን ወጥ።»

«ሁለቴ አስጨምሬ ነው የበላሁ» አለ። «ይህን የመሰለ ወጥ አልበላሁም ብዬ አመስግኜሻለሁ።»

«አመስግነኸኛል።»

«አሁን ወንድሜን ሳማው ቆመሽ ሰማሽኝ።»

«ሰማሁ።»

«ሰምተሽም ተሳስቶ ይሆናል አልሽኝ።»

ይቅር በለኝ ልትል ነበር፤ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷት ክሩን መፍታት ቀጠለ። ወጣች።

በማግስቱ ዋጋዬ የአወቀን ሞፈር ከግድግዳው አወረደችው። ሞፈሩ የተጠረበው ከማገደቻት ወይራ ጋር ከአንድ ግንድ ነው። አወቀ ካረፈ ወዲህ ለማንም አላዋሰችውም፤ እርሻዋን የሚያርስላት እኩል አራሽ እንኳ ለምኗት ከልክላዋለች። ሚኒባሱ ጣራ ላይ ስታስጭነው ረዳቱ «እማማ፣ ዳንግላን ሊያርሷት ነው?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀባት። መልስ የማታጣዋ ዋጋዬ ገብታ ወንበሯን ያዘች።

ደርበው ደጁ ላይ አገኛት። ሞፈሩን አየ፤ ወዲያው አወቀው። ልጅ ሳለ ከኋላው ሲከተል የኖረ ነው። ዋጋዬ «ይህ እንኳ ደረቅ ነው፤ ስንት ዓመት ያረሰበት ነው» ለማለት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። የሷ «ደረቅ ነው» ምን ዋጋ አለው!

ደርበው ሞፈሩን ተቀብሎ አግዳሚው ላይ አጋደመው። ከወፍራሙ ጫፍ በመጋዝ ቆረጠ። የቆረጠውን አፍንጫው ላይ አድርጎ አሸተተ፣ በምላሱ ነካው፣ በመዳፉ መዘነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አንኳኳ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና አንኳኳ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል፣ ከማያውቀው ሻጭ እንደሚገዛ ሰው።

ዋጋዬ እጇን አጣምራ እንደ ገበያተኛ ቆማ ጠበቀች።

«ደረቅ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ለበዓሉ አይደርስም እንጂ ይሆናል።» መላጊያውን አነሣ። «ብረትም አስገባበታለሁ።»

«አስገባበት» አለች ዋጋዬ።